የሞተር መጋዝን በእንጨቱ ልክና በሠራተኛው እጅ ስለ መምረጥ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ላሉ የግብርና ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

በጣና ባሕር ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ዛፍ ለመጣል አባቶች ይሠሩበት የነበረው መሣሪያ ምሳርና ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ የሚስበው መጋዝ ነበረ። ዛሬም በገጠሩ ከዚህ ሌላ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ተክሎ አጣና የሚሸጠው ገበሬ ከበዛ፥ ጣውላ እየሰነጠቁ የሚሸጡ ማኅበሮችም ከተቋቋሙ ወዲህ በገበያ ስሙ ቼይንሶ የሚባለው የሞተር መጋዝ ወደ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ገበሬው፥ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፥ የቤተ ክርስቲያኑም አለቃ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት መጥቶ «የትኛውን እንግዛ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የወረዳው ሹም የሚመልሰው እርግጠኛ ቃል ሊኖረው ይገባል። ይህ መሣሪያ አንድን ሰው የብዙ ሰው ሥራ ሊያሠራው እንደሚችል ሁሉ በዐይን ጥቅሻ ጊዜ ውስጥ እግሩን ወይም ፊቱን ሊያሳጣው ይችላልና ምክሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ገዢው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመጋዙን ጕልበት ነው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን አውጥቶ ያሳየዋል፤ ገዢውም ገንዘቡ እስከ ፈቀደለት ድረስ ከሁሉ የሚበልጠውን ይዞ ይሄዳል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ግን እንዲህ አያደርግም። የመሬቱን ክብደት፥ እቤቱ የቀረውን የሌላውን በሬ ቁመትና የራሱን ክንድ አስቦ ጥማዱን ያስተካክላል እንጂ በገበያው ካለው ሁሉ ትልቁን ብቻ ፈልጎ አይመለስም። የሞተር መጋዝም ሲገዛ መጀመሪያ እንጨቱን፥ ቀጥሎም አገሩንና ሠራተኛውን መርምሮ መሣሪያውን በመጨረሻ መፈለግ ይገባል።

የመሣሪያው አሠራር እንዲህ ነው። ከኋላ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለ፤ ከፊቱ ላማ የሚባል ጠፍጣፋና ረዥም ብረት ተሰክቷል፤ በላማው ዙሪያ ጥርስ ያለው ሰንሰለት እየተሽከረከረ እንጨቱን ይበላዋል። ጀርመናዊው አንድርያስ ሽቲል በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፥ በ1929 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን መጋዝ ሠርቶ አወጣ። የዚያን ጊዜው መጋዝ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝን፥ ሁለት ሰው ካልያዘው የማይሠራ ነበረ። ዛሬ አንድ ሰው የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። የሞተሩ ልክ የሚነገረው በሲሊንደሩ ይዞታ ሲሆን መካኒኮች ሲሲ ይሉታል፤ የላማው ርዝመት ደግሞ በሳንቲ ሜትር ወይም በኢንች ይነገራል። በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ የሞተሩ እውነተኛ ልክ አይደለም። የታወቀውን ፋብሪካ ቀለምና ስም አስመስሎ የተሠራ ዕቃም በገበያ ይገኛልና ሹሙ ሊያምን የሚገባው ከመሣሪያው ጋር የመጣውን የመመሪያ መጽሐፍና በሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ጽሑፍ ነው።

በባሕር ዳር ዙሪያ፥ በተለይም በሜጫ በመራዊ በኩል፥ ከሌላው ዛፍ ሁሉ ይልቅ የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው። የአውስትራልያ ተወላጅ የሆነው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፥ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ከዚያም ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድር ተስፋፋ። ገበሬው ለአጣና የሚፈልገውን ከ4 እስከ 7 ዓመት ሲሆነው ይቆርጠዋል። በዚያን ጊዜ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ለዚህ ሥራ ከ35 እስከ 40 ሲሲ የሆነ ሞተርና ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላማ ከበቂ በላይ ነው። በዓመት 50 አጣና ብቻ ለሚቆርጥ ገበሬ ግን ይህም ቢሆን ትርፍ ወጪ ነው፤ በብረት ቀስት የተወጠረ፥ ደኅና ሆኖ የተሳለ የእጅ መጋዝ ሥራውን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጨርስለታል፤ ቤንዚን አይጠጣም፥ ካንዴላም አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ሹሙ «ለአንተ የሞተር መጋዝ አያስፈልግህም» ብሎ መናገርን ሊደፍር ይገባዋል። ነጋዴ ይህን ቃል አይናገርለትምና።

ስለ ባሕር ዛፍ ይህን ሁሉ መናገር ያስፈለገው ስለ ጉቶው ጭምር ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቍጥ የዛሬው አቆራረጥ ንጽሕና የሚመጣው መከር መሠረት ነው። በምሳር ተደጋግሞ የተመታ ጉቶ ይሰነጠቃል፥ ቅርፊቱም ይላጣል፥ የክረምቱም ዝናም በስንጥቁ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ጥቂት ዘቅዘቅ ተደርጎ፥ በመጋዝ የተቆረጠ ጉቶ ግን ውኃውን ያፈስሳል፤ ቅርፊቱም ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ቡቃያው ጠንክሮ ይወጣል። ይህን በጎ ነገር የሚሠራው ትንሹ መጋዝ ነው። ትልቁን ይዞ ቀኑን ሙሉ ወደ መሬት ያጎነበሰ ሰው ከቀትር በኋላ ክንዱ ይዝላል፤ የዛለ ክንድ ላማውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሰንሰለቱም ጉቶውን ትቶ አፈር ይቆርጣል። አፈርና ድንጋይ የነካ ሰንሰለት ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ይደነዝዛል። ስለዚህ ትልቅ መጋዝ በቀጭን ዛፍ መካከል የሚሠራው ሥራ ከትንሹ ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

ለኤሌክትሪክና ለስልክ ምሰሶ፥ ለቤትም ምሰሶና ወራጅ እስኪሆን ድረስ የቆየው ዛፍ ከ20 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይወፍራል። እንዲህ ያለውን ዛፍ በየሳምንቱ ለሚጥል ማኅበር ከ45 እስከ 55 ሲሲ የሆነ ሞተርና ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላማ ይስማማዋል። በጣና ዙሪያ ላለ ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው መጋዝ ይህ ነው። ከ70 ሲሲ በላይ የሆነው፥ ላማውም ከ60 ሳንቲ ሜትር የሚያልፈው፥ ወፍራሙን ግንድ በቁመቱ ሰንጥቆ ጣውላ ለሚያወጣ ሰው ብቻ ነው። በቁመት መሰንጠቅ ሞተሩን ከማግደም ይልቅ እጅግ ያደክመዋል፤ ለዚህም ጥርሱ በሌላ ማዕዘን የተሳለ ልዩ ሰንሰለት አለ። አማካይ መጋዝ ገዝቶ በእርሱ ጣውላ ለመሰንጠቅ የሚነሣ ማኅበር ሞተሩን ሳይቆይ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ሲጠየቁ «ጣውላም አልፎ አልፎ እንሰነጥቃለን» ያሉትን ሰዎች «አልፎ አልፎ ማለት በወር ስንት ቀን ነው?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ መልካም ነው።

የላማው ርዝመት ከእንጨቱ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢበልጥ ይበቃል። የሠለጠነ ሰው ከሁለት ወገን እየቆረጠ የላማውን እጥፍ የሚያህል ግንድ ሊጥል ይችላል፤ ያልሠለጠነው ግን ይህን መሞከር አይገባውም። በትንሽ ሞተር ላይ ረዥም ላማ ማስገባት በአገራችን ገበያ የተለመደ ስሕተት ነው። ሻጩ መጋዙ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ሲል ያደርገዋል፤ ሞተሩ ግን ያንን ሁሉ ሰንሰለት መሳብ ተስኖት ይታፈናል።

ከውፍረቱ ሌላ የእንጨቱ ጠባይ መመርመር አለበት። ወይራ ጠንካራ ነውና ሰንሰለት ቶሎ ይበላል። ምስጥ የገባበት ግንድ ውስጡ አፈር የሞላበት ስለሆነ ከወይራም ይብሳል። በመንገድ ዳርና በአጥር ላይ የቆመ ዛፍ ብዙ ጊዜ በቅርፊቱ ውስጥ የዋጠው ሚስማርና ሽቦ አለ፤ እንዲህ ያለውን ዛፍ የሚቆርጥ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ፥ ግንዱንም በዐይኑ ይፈትሽ።

አሁን የሚነገረው የአገሩ ከፍታ ነገር በነጋዴውም በገዢውም ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተረሳ ነው። የጣና ባሕር ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳርም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ጕልበቱ ይቀንሳል። በጠቅላላው በየ100 ሜትሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይጐድላል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ በመመሪያው መጽሐፍ 3 የፈረስ ጕልበት አለው የተባለ መጋዝ በባሕር ዳር የሚሰጠው 2.5 ያህል ነው፤ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ታቦር ደግሞ 2.2 ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በባሕር ጠለል አገር ለሚኖር ሰው የተጻፈውን ልክ እያነበበ የሚመርጥ ገዢ በሁለት ልክ መካከል ቢያመነታ ከፍ ያለውን መውሰድ ይችላል። ትልቁን ለመምረጥ ከሚቀርቡት ምክንያቶች ሁሉ እውነተኛው ይህ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከአንድ ደረጃ አያሳልፍም።

የከፍታው ነገር በጕልበቱ ብቻ አያበቃም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ያጨሳል፥ ካንዴላውም ይጠቁራል። መካኒኩ የካርቡራቶሩን ብሎን ጥቂት ዞር አድርጎ ቤንዚኑን በመቀነስ ያስተካክለዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በባሕር ዳር የተስተካከለውን መጋዝ ይዞ አንድ ማኅበር ለሥራ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም 700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወዳለችው ወደ መተማ የወረደ እንደ ሆነ፥ በቈላው አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑና ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይት ያንሰዋል። ሞተሩም ከወትሮው ይልቅ ይፈጥናል፥ ድምፁም ይቀጥናል። ሠራተኛው ጕልበት ያገኘ መስሎት ደስ ይለዋል እንጂ አይጠረጥርም። ፒስተኑ ግን ዘይት አጥቶ ይግላል፤ በመጨረሻም ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ መጋዙም በዚያው ቀን ጥራጊ ብረት ይሆናል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቈላ የሚወርድ መጋዝ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብሎኑ መመለስ አለበት። ከአዲሶቹ መጋዞች አንዳንዶቹ ይህን ራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው፤ ነገር ግን ሲበላሹ ልዩ መሣሪያ ያለው መካኒክ ይፈልጋሉ። በባሕር ዳር ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ላያስቸግረው ይችላል፤ በታንኳ ወይም በጀልባ ተሻግሮ በደቅ ደሴት ለሚሠራ ሰው ግን በካቻቪቴ የሚስተካከለው ተራው መጋዝ ይሻለዋል። የመለዋወጫ ዕቃም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሰንሰለቱ፥ ካንዴላውና የማስነሻ ገመዱ በቅርብ ገበያ የማይገኝለት መጋዝ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን ለገጠር ማኅበር አይመከርም።

በባሕሩ ዳር የሚሠራ ሰው ነፋሱንም ማወቅ ይገባዋል። ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ነፋሱ ከውኃው ወደ የብሱ ይነሣልና ዛፍ መጣል በማለዳ ቢሆን ይሻላል። በክረምት ጥቁሩ መሬት ዋልካ ሆኖ እግር ስለሚይዝ ዛፍ በሚወድቅበት ጊዜ ፈጥኖ መሸሽ አይቻልም፤ ስለዚህ የመቍረጡ ሥራ በበጋ ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

የሠራተኛው እጅ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ላማው በሚሽከረከርበት ጊዜ የጫፉ የላይኛው ክፍል ጠንካራ ነገር የነካ እንደ ሆነ መጋዙ በድንገት ወደ ላይና ወደ ኋላ ይነጥራል። የሚነጥረው ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ነው፤ ጊዜውም ከሴኮንድ ያነሰ ስለሆነ ሰው አይቶ ሊያመልጠው አይችልም። የሚያድነው አያያዙና ፍሬኑ ነው። ቀኝ እጅ የኋላውን እጀታ፥ ግራ እጅ የፊተኛውን እጀታ ይይዛል፤ የግራው አውራ ጣት ከእጀታው በታች ዞሮ መጨበጥ አለበት፤ ግራኝ የሆነ ሰውም ቢሆን በዚሁ ዐይነት ይይዛል፤ መሣሪያው በሌላ አያያዝ አልተሠራምና። ከትከሻ በላይ አንሥቶ መቍረጥ፥ በመሰላል ላይ ቆሞ መቍረጥ፥ በአንድ እጅም መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባዋል። በፊተኛው እጀታ ፊት ያለው የእጅ ከለላ መጋዙ በነጠረ ጊዜ ወደ ፊት ተገፍቶ ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን ነው። ይህ ፍሬን የሌለውን ወይም የማይሠራውን መጋዝ ሹሙ በምንም ዋጋ ቢሆን እንዲገዛ መፍቀድ የለበትም። ከዚህም ጋር የነዳጅ መስጫው ሳይታሰብ እንዳይሳብ የሚይዝ ቁልፍ፥ የተበጠሰ ሰንሰለት የሚይዝ ጥፍር፥ ንዝረቱንም የሚያበርድ ላስቲክ ወይም ሞላ መኖሩ ይታይ። ንዝረት ለብዙ ዓመት የተለማመደው እጅ በብርድ ጊዜ ጣቶቹ እየነጡ ይደነዝዛሉ፤ ይህም ደዌ ከጸና በኋላ ሁልጊዜ የሚድን አይደለም።

ጀማሪ ሰው ትንሽ መጋዝ መያዝ አለበት የሚለው ምክር በጠቅላላው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ዐይነት ትንሽ መጋዝ አለ፤ እርሱ ለጀማሪ ከትልቁ ይልቅ አደገኛ ነው። ይኸውም የኋላ እጀታ የሌለው፥ እጀታው በሞተሩ ራስ ላይ የሆነው ነው። ቀላልና ያማረ ስለሆነ ብዙ ሰው ለቤት ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። እርሱ ግን በገመድ ታስረው ዛፍ ላይ ወጥተው ለሚቆርጡ የሠለጠኑ ሰዎች ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ እጀታዎቹ ስለሚቀራረቡ በነጠረ ጊዜ ለመያዝ ከሌላው ይልቅ ያስቸግራል፥ ሰውንም በአንድ እጅ እንዲሠራ ይፈትነዋል። የባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤትን የመሰለ ድርጅት የመንገድ ዛፎችን የሚያስከረክም ሠራተኛ ካለው፥ ሠራተኛው ከመሬት ቆሞ የሚሠራበትን ረዥም ዘንግ ያለውን መጋዝ ቢገዛ ይሻለዋል። የባሕር ዳርን ጎዳናዎች ያስጌጠው ዘንባባ ግን ጭራው ሰንሰለቱ ውስጥ እየገባ ስለሚያንቀው ለሞተር መጋዝ አይመችም፤ የደረቀውን ቅጠል በእጅ መጋዝ ማውረድ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ቅርንጫፍም መብራቱ በባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ሳይቋረጥ አይነካም። ለከተማ አጥርና ለጓሮ ሥራ በባትሪ የሚሠራው መጋዝ ጢስ ስለሌለው፥ ድምፁም አነስተኛ ስለሆነ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ሰንሰለት፥ መንጠሩም መንጠር ነውና «ይህ ቀላል ነው» ተብሎ ለልጅ አይሰጥም።

ሠራተኛው የሚችለውን ለማወቅ ሹሙ ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሲያስነሣውና ሲስለው ቆሞ ቢያየው ይበቃል። የተማረ ሰው መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ፥ ፍሬኑን ይዞ፥ የኋላውን እጀታ በእግሩ ረግጦ ገመዱን ይስባል። ያልተማረው በአየር ላይ አንጠልጥሎ እየወረወረ ያስነሣዋል። ሰንሰለት መሳል የማያውቅም ሰው መጋዝ አውቃለሁ ሊል አይችልም። የተሳለ ሰንሰለት ፍርፋሪ ይጥላል፤ የደነዘዘው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ሠራተኛው በክንዱ መጫን ይጀምራል፤ አደጋውም ከመጫኑ ይወለዳል። ሞረዱ ክብ ሲሆን ውፍረቱ እንደ ሰንሰለቱ ዐይነት 4፥ 4.8 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፏል። በየጥርሱ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አንዳንዱ ሰው መጋዙ ይበልጥ እንዲበላለት ብሎ ይህችን ጉብታ ያለ መጠን ይሞርዳታል። መጋዙም በእርግጥ ይበላለታል፤ ነገር ግን እንጨቱን እየነከሰ ይነጥራል።

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ብቻ ይቁረጥ። ቀጥሎ የወደቀውን ዛፍ ቅርንጫፍ ይመልምል፤ ከዚያም ቀጥ ብሎ የቆመውን ቀጭን ዛፍ በአዋቂ ፊት ይጣል። ያዘነበለ፥ በነፋስ የተገነደሰ ወይም በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ዛፍ ለብዙ ጊዜ የሠራ ሰው ሥራ ነው። ዛፍ ሲጣል በሚወድቅበት ወገን የግንዱን ሩብ ያህል ከፍቶ፥ ከኋላ ሲቆረጥ ከውፍረቱ ዐሥረኛውን እጅ ያህል እንደ ማጠፊያ ማስቀረት ይገባል፤ ይህ ማጠፊያ ፈጽሞ የተቆረጠ እንደ ሆነ ዛፉ ወደ ወደደው ይወድቃል። ሌላው ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት እጥፍ ያህል ይራቅ፤ ቈራጩም የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ከቍጥቋጦ ያጽዳ።

ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ፥ ሻሽም አንገት ላይ ጠምጥሞ የሞተር መጋዝ መያዝ ሞትን መጋበዝ ነው። የራስ ቆብ፥ የዐይን መከላከያና ጠንካራ ቦት ጫማ ያስፈልጋል። የመጋዙ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ጆሮም መሸፈን አለበት። ለዚህ ሥራ የተሠራ ሱሪ በውስጡ ያለው ረዥም ክር ሰንሰለቱን ተብትቦ ያቆመዋል። ማኅበሩ ገንዘቡ የሚበቃው ለትልቅ መጋዝ ብቻ ወይም ለአማካይ መጋዝና ለልብሱ ከሆነ ሁለተኛውን እንዲመርጥ ሹሙ አጥብቆ ይምከር።

ነዳጁ ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ዘይት ይቀላቀልበታል። መጽሐፉ 50 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር፥ 25 ለ1 ካለ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። የተቀላቀለው ከአንድ ወር በላይ ባይቀመጥ ይሻላል። ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይት ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱም ተመልሶ አይሰበሰብም፥ ሁሉም ወደ መሬት ይረጫል። ከመኪና የተገለበጠ ያረጀ ዘይት ርካሽ ነው ተብሎ ይጨመርበታል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ላማውን ይበላል፥ በባሕሩ ዳርም ከሆነ ዝናሙ አጥቦ ሰውና ከብት ወደሚጠጣው፥ ዓሣም ወደሚረባበት ውኃ ያወርደዋል። የኑግ ዘይትም ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ሰንሰለቱን አጣብቆ ይይዘዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መጋዙ የሚቆርጠው ምንድር ነው የሚለው ነው። በጣና ደሴቶች፥ በዘጌና በየደብሩ ዙሪያ የቀረው ደን ከአባቶች የተጠበቀ ነው፤ በዘጌ ከጥንት ጀምሮ መሬት አይታረስም፥ ቡናውም የሚበቅለው በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የጣናም አካባቢ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ነበር፤ ዛሬ ስለ ደን የሚሠራበት አዋጅ በ2010 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1065 ነው። በምሳር ዘመን አንድ ትልቅ ዋንዛ ለመጣል ብዙ ሰዓት ያስፈልግ ነበር፤ የምሳሩም ድምፅ እየተደጋገመ ሲሰማ የደኑ ጠባቂ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ነበረው። የሞተር መጋዝ ግን የመቶ ዓመቱን ዛፍ በጥቂት ደቂቃ ይጥለዋል፤ ጠባቂው ድምፁን ሰምቶ ሲነሣ ዛፉ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ አጣና ለሚቆርጥ ሰው 70 ሲሲ መጋዝ መፈለጉ ራሱ የሚያጠያይቅ ነገር ነው። ሹሙ «የአንተ ባሕር ዛፍ ከ20 ሳንቲ ሜትር አያልፍም፤ ይህን የሚያህል ላማ ለየትኛው ዛፍ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሥራውን አላለፈም።

በወረዳው ላለው መጋዝ ሁሉ መዝገብ ይኑር፤ የሞተሩ ቁጥር፥ ሲሲው፥ የላማው ርዝመት፥ የባለቤቱና በእርሱ እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው ስም ይጻፍበት። መጋዝ ለጎረቤት ማዋስ እንደ ምሳር ማዋስ ተደርጎ መታየቱ ብዙ ክፉ ነገር ያመጣል፤ የባለቤቱ እጅ የሠለጠነ ቢሆን እንኳ የተዋሹ እጅ አልሠለጠነም፤ የሚቆርጠውም ዛፍ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የተዋሰውም ሰው ስምና ቀኑ በመዝገቡ ቢገባ ይገባል።

ክረምት ሲገባ፥ በሰኔ ወር፥ ማኅበሮቹ መጋዞቻቸውን ወደ ጽሕፈት ቤቱ አምጥተው ቢያስመረምሩ መልካም ነው። ፍሬኑ ሰንሰለቱን ወዲያው ማቆሙ፥ ላማው አለመጉበጡ፥ የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ሰንሰለቱ መቆሙ ይታይ። ከዚያም ነዳጁ ከታንኩ ወጥቶ፥ ሞተሩ በካርቡራቶሩ የቀረውን እስኪጨርስ ድረስ እንዲሠራ ተደርጎ፥ ሰንሰለቱ በዘይት ተነክሮ፥ ላማው በሽፋኑ ገብቶ፥ ከምድጃና ከእህል ጎተራ በራቀ ደረቅ ቤት እስከ ጥቅምት ይቀመጥ።